ኤሊ ያለ ኦክስጅን ወራት የምትዘልቀው እንዴት ነው? የታኅሣሥ ብርዳችንስ ያንን እንቅልፍ ያስተኛታል?

መምህርት_አራት_ኪሎ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ 120 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ሁለት ባለ ቀይ ጆሮ የውሃ ኤሊዎች አሉ። የቅርፊታቸው ርዝመት 11 እና 13 ሴንቲ ሜትር ነው። የውሃ ማሞቂያው ከተበላሸ ሳምንት ሆነው። ውሃው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 13 ዲግሪ፣ ከሰዓት በኋላ 17 ዲግሪ ያሳያል። ሁለቱም ገንዳው ስር ተኝተዋል፤ አልፎ አልፎ ወጥተው ከመተንፈስ በቀር አይንቀሳቀሱም። ምግብ ከነኩ 6 ቀን ሆኗል።

ተማሪዎቹ «የውሃ ኤሊ ከበረዶ በታች አራት ወር ሳትተነፍስ ትቆያለች፤ ይተኙ፣ ተዋቸው» ይላሉ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚባለው በትክክል እንዴት ይሆናል? ጉልበቱ ከየት ይመጣል፣ የሚጠራቀመው አሲድስ የት ይገባል? ሁለተኛ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ለዚያ እንቅልፍ ይበቃል ወይስ ውሃውን ማሞቅ አለብን?

ህዋስና_ጉልበት
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህርት፣ አስቸኳዩን ላስቀድም፦ ይሞቁ። ተማሪዎቹ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን የተባለው ስለ 3 ዲግሪ ውሃ እንጂ ስለ 13 ዲግሪ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

መጀመሪያ «ክረምት» የሚለው ቃል እንዳያሳስት። እኛ ዘንድ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ብርቱው የሌሊት ብርድ ግን በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይመጣል። እነዚህ ኤሊዎች በተፈጠሩበት በሰሜን አሜሪካ ክረምት ማለት ሐይቁ ከላይ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ወራት ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የ4 ዲግሪው ውሃ ከስር ይቀመጣል፣ ከዚያ የቀዘቀዘው ወደ ላይ ወጥቶ በረዶ ይሆናል። ኤሊዋ ከስር፣ ጭቃው ላይ ወይም ጭቃው ውስጥ ትተኛለች። ሰውነቷ በረዶ አይሆንም፤ ግን በረዶው ስለዘጋባት ወጥታ መተንፈስ አትችልም። በዚያ ላይ በረዶውን አመዳይ ሲሸፍነው ብርሃን ስለማይገባ የውሃ ተክሎች ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ። ከስር የሚበሰብሰው ቅጠል ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

በዚህ ነገር ከሁሉ የምትበልጠው ክሪሴሚስ ፒክታ የምትባለው ባለ ቀለም ኤሊ ናት። ዶናልድ ጃክሰንና ጎርደን ኡልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ በ3 ዲግሪ ውሃ ውስጥ፣ ኦክስጅን በሌለበት፣ ከሦስት ወር በላይ በሕይወት መቆየቷን አሳይተዋል። ያችው ኤሊ በ20 ዲግሪ ውሃ ኦክስጅን ብትነፈግ የምትቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው። ተማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ልዩነት ይያዙ። ያለ ኦክስጅን የመኖር ችሎታ ከቅዝቃዜው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ብርዱ ከሌለ ወሩ ወደ ሰዓታት ይወርዳል።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ኦክስጅን ሲኖር ህዋስ ከአንድ ግሉኮስ ወደ 30 የሚጠጉ የኤቲፒ (ህዋስ ለሥራው የሚያወጣው የጉልበት ገንዘብ) ሞለኪሎችን ያወጣል። ኦክስጅን ከሌለ የሚቀረው ግሉኮስን ወደ ላክቲክ አሲድ መስበር ብቻ ነው፤ የሚገኘውም 2 ኤቲፒ ነው (ግላይኮጅን ከሚባለው የተጠራቀመ ስኳር ከተጀመረ 3)። የእኛ ህዋስ እንዲህ ሲቸገር ጉድለቱን ለመሙላት ስኳሩን በጥድፊያ ያቃጥላል፤ ጎተራው ቶሎ ባዶ ይሆናል፣ አሲዱም ቶሎ ይሞላል። ኤሊዋ የምታደርገው ተቃራኒውን ነው። ገቢው ሲቀንስ ወጪውን ከገቢው በታች ታወርዳለች። ብርዱ ብቻውን የሰውነቷን ሥራ በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ኦክስጅኑ ሲጠፋ ደግሞ ከዚያው ከቀነሰው ላይ ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ትወርዳለች። ልቧ በደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ አይመታም፤ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ ቆይቶ አንዴ የሚመታበት ጊዜ አለ። ስንቁ በጉበቷ ውስጥ በመጸው የተጠራቀመው ግላይኮጅን ነው።

ወጪው የሚቀነስበት ቦታ በተለይ አንጎል ነው። የአንጎል ህዋስ አብዛኛውን ጉልበት የሚያጠፋው ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ በሚገፉ ፓምፖች ላይ ነው። ፓምፑ መሥራት ያለበት ደግሞ በህዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉት በሮች ጨው ስለሚያሾልኩ ነው። የሰው አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ፓምፑ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል፣ ጨዉ ይገላበጣል፣ ካልሲየም ይጎርፋል፣ ህዋሱ ይሞታል። የኤሊዋ ህዋሶች በሮቹን ራሳቸው ይዘጋሉ። የሚያነቃቁት መልእክቶች ይቀንሳሉ፣ ጋባ የተባለው የሚያረጋጋው ኬሚካል በብዙ ይጨምራል፣ ነርቮቹም እምብዛም አይተኩሱም። የሚያሾልክ በር ካልተከፈተ ፓምፑ ብዙ አይለፋም። ለማስተማር የሚመች ምሳሌ፦ ጀልባዋ ውስጥ ውሃ ሲገባ እኛ በባልዲ እንቀዳለን፤ ኤሊዋ ቀዳዳውን ትደፍናለች።

አሲዱ የሚሄድበት ደግሞ በጣም የሚያስገርመኝ ክፍል ነው። ሰው በጣም ሮጦ ሲደክም በደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት (ከላክቲክ አሲዱ የሚገኘው ውሑድ) በሊትር 20 ሚሊሞል አካባቢ ይደርሳል። ኤሊዋ በእንቅልፏ መጨረሻ 150፣ አንዳንዴም 200 ትደርሳለች። ይህን ያህል አሲድ ማንኛውንም እንስሳ መግደል ነበረበት። የሚያድናት ቅርፊቷ ነው። ቅርፊት አጥንት ነው፣ የሰውነቷን ክብደት ሲሶ ያህል ይይዛል፣ የካልሲየሟና የማግኒዥየሟ ክምችት ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያና በአጥንቷ ውስጥ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት እየፈታ ወደ ደም ይለቃል፤ ካርቦኔቱ አሲዱን ያለዝበዋል። ጨጓራ ሲያቃጥል የሚዋጠው የካልሲየም ካርቦኔት ኪኒን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ ላክቴቱን ራሱን ወደ ውስጥ ወስዶ ከካልሲየም ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። ከጠቅላላው ላክቴት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ቅርፊትና አጥንት ውስጥ ይገኛል። በዚህ ምክንያት የደሟ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ8 ገደማ ተነሥቶ ከ7 ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ለስላሳ ቅርፊት ያላቸው ኤሊዎች ይህን አይችሉም። ቅርፊታቸው ማዕድኑ ጥቂት ነው፤ አሲዱን የሚያለዝብ የላቸውም። እነሱ የሚከርሙት ኦክስጅን ያለው ውሃ መርጠው፣ በቆዳቸውና በጉሮሯቸው ግድግዳ ከውሃው እየሳቡ ነው። ኦክስጅኑ ከጠፋ በ3 ዲግሪም ቢሆን ወራት አይቆዩም።

ሸክላ_ሰፈር
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡50

በጣም ጥሩ ማብራሪያ ነው። አንድ ጭማሪና አንድ እርማት አለኝ።

ጭማሪው፦ ከበረዶ በታች ያለችው ኤሊ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም። ባለ ቀይ ጆሮዎቹ ለሳምንታት ያለ ኦክስጅን ከቆዩ በኋላም ብርሃን ሲበራባቸው እንደሚንቀሳቀሱ በሙከራ ታይቷል። ይህ ይጠቅማል፤ በረዶው ሲቀልጥ ማወቅ አለባት። ከክሩሺያን ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ጋር ብታወዳድሩት ለክፍል ጥሩ ነው። ያ ዓሣ ላክቴቱን ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ ወደ ውሃ ስለሚለቀው አሲድ አይጠራቀምበትም፤ ስለዚህ ቀስ እያለ መዋኘቱን ይቀጥላል። ግን አልኮሉ ከሰውነቱ የሚወጣ ጉልበት ነው፣ አይመለስለትም። ኤሊዋ ላክቴቱን ታስቀምጠዋለች፤ ሙቀትና አየር ስታገኝ ጉበቷ መልሶ ግላይኮጅን ያደርገዋል። ችግሩ አንድ ቢሆንም አንዱ ይጥለዋል፣ ሌላዋ ታከማቸዋለች።

እርማቱ ለሚቀጥሉት አስተያየቶች ቅድሚያ ነው፤ መምጣቱ አይቀርምና። «ኤሊ በመቀመጫዋ ትተነፍሳለች» የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። በዚህ በኩል ጎልታ የምትታወቀው የአውስትራሊያዋ የፊትዝሮይ ወንዝ ኤሊ ናት፤ በጅራቷ ሥር ባሉ ከረጢቶች ብዙ ኦክስጅን ትወስዳለች። ባለ ቀለም ኤሊና ባለ ቀይ ጆሮ ግን ከውሃ የሚያገኙት ጥቂት ኦክስጅን በአብዛኛው በቆዳ ነው፤ ያውም ውሃው ሲቀዘቅዝና ፍላጎታቸው ሲያንስ ብቻ ይበቃል።

የገንዳ_ሥራ_ካዛንቺስ
ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 2፡20

ወደ ገንዳው ልምጣ። መምህርት፣ እርስዎ ጋ ያለው ችግር ግማሽ ብርድ ነው። በ13 እና 17 መካከል የምግብ መፍጫዋ ሊቆም ምንም አልቀረውም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ ወርዷል፤ ሰውነቷ ግን ስንቁን ማቃጠሉን አላቆመም። ከዚህ በታች ብትወርድ እንቅልፉ ይረዳት ነበር፣ ከዚህ በላይ ብትሆን ትበላ ነበር። ሁለቱንም ስላጣች በሳምንታት ውስጥ ትከሳለች፤ የሳንባ በሽታም ይይዛታል። በእኛ ከተማ ሌሊቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ቢወርድም ቀኑ ከ20 በላይ ይወጣል፤ ውሃውም በየቀኑ እንደዚያው ይዋዥቃል። ተከታታይ ቅዝቃዜ እዚህ የለም።

ማሞቂያ ሲገዙ ሂሳቡ ይህ ነው። 100 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 116 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። የእርስዎን 120 ሊትር ከ13 ወደ 25 ለማድረስ ወደ 1.7 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። በ200 ዋት ማሞቂያ፣ ወደ ክፍሉ የሚሸሸውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ ከ8 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባለ 100 ዋት በታኅሣሥ ሌሊት አይቋቋመውም፤ ሲሠራ አድሮ ጠዋት 20 ላይ ያገኙታል። 200 ይግዙ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለውን። በማሞቂያው ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ፣ ለብቻው ቴርሞሜትር ይኑር።

በአንድ ቀን 25 አያድርሱ። ዛሬ 18፣ ነገ 22፣ ከነገ ወዲያ 25። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ገንዳው ውስጥ ማፍሰስ ፈጽሞ አይደረግም። ውሃው የፈሰሰበት ቦታ ኤሊዋን ያቃጥላታል፣ ቀዝቃዛው መስታወትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ማሞቂያው እስኪመጣ ድረስ ከፈለጉ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ለብ ባለ ውሃ (40 ዲግሪ ገደማ) ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ገንዳው ውስጥ ያንሳፉ፤ ሲቀዘቅዙ ይቀይሩ። ብዙ አይለውጥም፤ ግን ሌሊቱን 13 ከመድረስ ያግዳል። በሦስት ጎንና ከስር ሦስት ሴንቲ ሜትር ፎም መለጠፍ ከዚያ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋም ገንዳውን የሚያቆየው እሱ ነው፤ ከላይ ብርድ ልብስ ይደረብ፣ ለአየር ግን ክፍተት ይተው።

የድሮው ማሞቂያ ለምን እንደተበላሸ ይዩ፤ ካልሆነ አዲሱም ይከተለዋል። የተለመደው ምክንያት ውሃው ሲተንን ወይም ሲቀየር ከማሞቂያው መስመር በታች መውረዱ ነው። መስታወቱ በደረቅ ይግላል፣ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ውሃ ከመቀነስዎ 20 ደቂቃ በፊት ከሶኬት ይንቀሉት። ሌላው ኤሊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኤሊ ገፍታ ከግድግዳው ታላትመዋለች። ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ ጠብታው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ከሌለ ደግሞ ተማሪ እጁን ገንዳው ውስጥ እንዳያስገባ፤ ይህን አጠብቃለሁ።

መድረቂያ ቦታ ካላቸው፣ በላዩ የሚበራው አምፖል ያንን ቦታ 30 እስከ 33 ያድርገው። ኤሊ ውሃ ውስጥ ብትሞቅም ደርቃ ካልሞቀች ምግቧን በደንብ አትፈጭም። ለሁለቱ 120 ሊትር ጠባብ ነው፤ ለአንዲት ኤሊ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቅርፊት 15 ሊትር ያህል ቢሆን ደህና ነው። ይህ ግን የዛሬ ጉዳይ አይደለም፣ አስቀድመው ይሙቁ።

አንድ የማይታሰብ ነገር፦ ውሃው ሲቀዘቅዝ በፊልተሩ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎችም ይደክማሉ። ስለዚህ ያልተበላ ምግብ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ፣ ሲሶው ውሃ ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቅ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ይቀመጥ፤ ሲጨመርም ከገንዳው ጋር እኩል ሙቀት ላይ ይሁን።

ፒያሳ_ጥግ
ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 4፡10

ሁለት ጥያቄ። ግማሽ ብርድ ከጎዳት በፍሪጅ 4 ዲግሪ ላይ ብናስተኛትስ? በአውሮፓ እንደሚደረግ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያ ራሱ ኦክስጅን ማነስ አይደለም?

ህዋስና_ጉልበት
ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 5፡00

በፍሪጅ ማስተኛት በአውሮፓ የሚደረገው በዋናነት ለሜዲትራኒያን አካባቢ የየብስ ኤሊዎች ነው። እነሱ አየር እየተነፈሱ ነው የሚተኙት፤ ያለ ኦክስጅን አይደለም። ሳምንታት ሙሉ ሳይበሉ አንጀታቸው ባዶ ይደረጋል፣ በየሳምንቱ ይመዘናሉ፣ የፍሪጁ በር ለአየር በየጊዜው ይከፈታል። መብራት ሄዶ ፍሪጁ 12 ከደረሰ ወይም ወርዶ ከዜሮ በታች ከሆነ ይሞታሉ። ትልቅ ኤሊ በረዶ ስትሆን አትድንም። ከዜሮ በታች የሚቋቋሙት የባለ ቀለም ኤሊ ጫጩቶች ናቸው። የመጀመሪያ ክረምታቸውን ከውሃ ውጭ፣ ጎጇቸው ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ሰውነታቸው ሳይረጋ ከ10 ዲግሪ በላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ግን ከጎልማሳዋ ስልት ጋር አንድ አይደለም፣ እንዳይቀላቀል።

ለባለ ቀይ ጆሮ ደግሞ የክረምት እንቅልፍ ግዴታ አይደለም። የምትችለውና የሚያስፈልጋት የተለያዩ ናቸው። ሞቃ ዓመቱን ሙሉ ብትበላ ምንም አይጎድልባትም።

ስለ ከፍታው፦ ልክ ነዎት፣ በእኛ 2,400 ሜትር አካባቢ የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ወለል ወደ ሦስት አራተኛ ነው። በሳንባዋ ለምትተነፍስ ኤሊ ይህ ምንም አይደለም፤ ፍላጎቷ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት አብዝታ ትተነፍሳለች። ልዩነቱ የሚታየው በውሃው ነው። በባሕር ወለል 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ከ7 ብዙም አይበልጥም። ይህ ለዓሣና ለፊልተር ባክቴሪያ ያሳስባል። ስለዚህ የፊልተሩ ውሃ ከላይ እየተረጨ ይውረድ።

ጎፋ_ግቢ
ታኅሣሥ 9፣ ቀን 7፡15

እኛ ግቢ ያለችው የየብሷ፣ ነጠብጣብ ያለባት ትልቋ ናት። እሷም በዚህ ወር ጥግ ገብታ ቆማለች። እሷስ ትተኛለች?

የእንስሳት_ሐኪም
ታኅሣሥ 9፣ ከሰዓት 9፡30

ነጠብጣቧ የየብስ ኤሊ የአገራችን ናት፤ የክረምት እንቅልፍ የላትም። ጥግ የገባችው ስለበረዳት ነው። ቅዝቃዜ ሰውነቷን ያዘገየዋል፤ ግን ለሳምንታት ያለ ምግብ የሚያቆያት ዝግጅት አልተሰጣትም። ሌሊት ደረቅ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ቢያንስ 15 እስከ 18 ዲግሪ የሚቆይ ሣጥን ያስፈልጋታል። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚገድሏት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ራሷ እንድትወጣ በሩ ይከፈት። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማቆየት በሕግ እንደሚያስጠይቅም ይወቁ፤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቁ ይሻላል። የኛዎቹ ኤሊዎች ስልት ሌላ ነው። በየአካባቢያችን ኩሬ ያለችው የውሃ ኤሊ ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች፤ ያ ከድርቅ መሸሽ ነው፣ የምትተነፍሰውም አየር ነው።

ለመምህርት ሁለት ነገር ልጨምር።

በብርድ የደነዘዘች ኤሊ ሞታለች ብሎ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። ልቧ በጣም ስለሚዘገይ በእጅ አይታወቅም። የኋላ እግሯን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ሕያው ከሆነች፣ ዘግይታም ቢሆን፣ ትስባለች። የዓይኗን ጥግ በእርጥብ ጥጥ ይንኩ። ምንም ካላደረገች ውሃው ከቅርፊቷ አጋማሽ በማይበልጥ ሳህን ውስጥ፣ አፍንጫዋ ከውሃ ውጭ ሆኖ፣ ክፍል ሙቀት ላይ ሙሉ ቀን ያቆዩአት። ከዚያ በኋላ ነው የሚወሰነው። የሞተች ኤሊ እግሯ ይደርቃል፣ ዓይኗ ይሰረጉዳል፣ ትሸታለች።

ሁለተኛው መስጠም ነው፤ ከዚህ ርዕስ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። «ኤሊ ያለ አየር ወራት ትኖራለች» የሚለውን የሰማ ሰው በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከድንጋይ ስር ተይዛ ያገኛትን ኤሊ «ምንም አትሆንም» ብሎ ይተዋታል። በዚያ ሙቀት ጊዜዋ አጭር ነው፣ ሳንባዋም ውሃ ይሞላል። ካገኟት ጭንቅላቷን ወደ ታች አዘንብለው አንገቷን ቀስ ብለው ወደ ፊት ያስወጡ፤ ውሃው ከአፏ ይፈሳል። ከዚያ ቀጥ አድርገው በሆዷ ያስተኙአትና የፊት እግሮቿን ቀስ እያሉ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ያንቀሳቅሱ። ኤሊ የጎድን አጥንቷ ከቅርፊቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሳንባዋን የምታንቀሳቅሰው በሆድና በእግር ጡንቻዎቿ ነው። በጀርባዋ አይገልብጡ፤ የሆድ ዕቃዋ ሳንባውን ይጫነዋል። ከተነሣችም ዕለቱን ሐኪም ይያት፤ የሳንባ ቁስል ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው።

እርስዎ ጋ ያሉትን ሲያሞቁ የሚጠብቁት ምልክት ይህ ነው፦ ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ልትሰጥም ስትሞክር ከተንሳፈፈች የሳንባ በሽታ ነው። የሰው አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ውሃ ውስጥ አትጨምሩ፤ አይጠቅማትም፣ የፊልተሩንም ባክቴሪያ ይገድላል። የሚሰጠው በመርፌ ነው፣ መጠኑም በክብደቷ ይወሰናል፣ ውሃውም ሙቅ መሆን አለበት፤ በብርድ መድኃኒቱም አይሠራም። በቅርብ ኤሊ የሚያይ ሐኪም ካጡ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይጠየቅ።

ምግብ ውሃው 22 ሳይደርስ አይሰጥ። በብርድ የገባ ምግብ አንጀቷ ውስጥ ይበሰብሳል። 22 ከደረሰ ማግስት በጥቂቱ ጎመን፣ በጥቂቱ የዓሣ ምግብ ይሞከር። ቆስጣ አይዘውተር፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ውሑድ ካልሲየሙን ያስረዋል። የታጠበና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ከምግቡ ጋር ይበተን። ከላይ እንደተጻፈው ቅርፊቷ የካልሲየም ጎተራዋ ነው፤ በገንዳ ያደገች ኤሊ ካልሲየምና የፀሐይ ጨረር ካልተሰጣት ጎተራው ባዶ ነው፣ ሲነኩት ይለሰልሳል። የመስኮት ፀሐይ አይበቃም፤ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያስቀረዋል። ከሰዓት በፊት ግማሽ ሰዓት ወደ ውጭ አውጡአቸው፣ በሳህኑ ግማሽ ላይ ጥላ ይኑር፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ኤሊን በደቂቃዎች ያግላታል።

ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳለ ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን መሸጥ የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ ነው።

መምህርት_አራት_ኪሎ
ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 12፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 200 ዋት ማሞቂያ ገብቷል፣ ፎሙም ተለጥፏል። ዛሬ ውሃው 22 ነው፤ ትልቋ መድረቂያው ላይ ወጥታለች፣ ትንሿ ግን ገና ከስር ናት፤ ሲነኳት ትንቀሳቀሳለች፣ አታዘነብልም። አንድ የተማሪ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከአራት ወር በኋላ ኦክስጅን በአንዴ ሲመለስላት ለምን አትጎዳም? ሰው ላይ ጉዳቱ የሚከፋው ደም ሲመለስ ነው ይባላል።

ህዋስና_ጉልበት
ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 2፡15

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የልብና የአንጎል ሐኪሞች ኤሊን የሚያጠኑት ለዚህ ነው። በእኛ ህዋስ ውስጥ ኦክስጅን ሲጠፋ ሰክሲኔት የሚባል ውሑድ ይከማቻል። ኦክስጅኑ ሲመለስ ያ ሁሉ በአንዴ ይቃጠላል፣ ከሱ የሚተርፉት ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ህዋሱን ይበሉታል። ኤሊዋ ሰክሲኔቱን ብዙ አታከማችም፤ ኤቲፒዋንም ሙሉ በሙሉ ስላላሟጠጠች ሞተሩ ሲነሣ አይንገጫገጭም። በተጨማሪ አንጎሏ ውስጥ እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉ መከላከያዎች በብዛት አሉ፤ ጠላቱ ሳይመጣ ዘቡ ቆሟል።

ከዚያ የሚቀረው ዕዳውን መክፈል ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኃይል እየተነፈሰች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ታስወጣለች፤ የደሟ አሲድነት ቶሎ ይቀንሳል። ላክቴቱ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ ቅርፊቱም ካልሲየሙን መልሶ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ፀሐይ ላይ ተዘርግታ የምትታየው ሰውነቷን አሙቃ ጉበቷን ለማሠራት ነው።

የገንዳ_ሥራ_ካዛንቺስ
ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 2፡40

ትንሿን አይገፏት። ነገ 25 ሲደርስ ራሷ ካልወጣች ውሃውን ከቅርፊቷ ጥቂት ከፍ እስኪል ብቻ ይቀንሱላት (ማሞቂያውን አስቀድመው ነቅለው)፣ ሳትዋኝ አፍንጫዋን እንድታወጣ። በኩሽና ሚዛን ዛሬ ይመዝኑአትና በሦስተኛው ቀን ይድገሙ፤ ከቀነሰች ወደ ሐኪሙ። ዕረፍት ሲመጣ ደግሞ «የሚይዛቸው ሰው የለም» ብሎ ገፈርሳ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ የሚለቅ እንዳይኖር ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ። ከሚሲሲፒ የመጡ ናቸው፤ በተለቀቁባቸው በብዙ አገሮች የአካባቢውን ኤሊ ገፍተዋል።